ሁለቱ መኪኖችና የወገዳ ቁልቁለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ቤቴ የሚመጣው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ማመልከቻ እንድጽፍለት፣ ወይም መኪና እንዳይለት። ማመልከቻውስ ሙያዬ ነው። መኪና ግን እስከ ዛሬ ነድቼ አላውቅም። መሪ የጨበጥኩት ቢኖር መኪናዋ ቆማ አቧራ ስጠርግላት ነው። ይሁንና ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ሰዒድ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ ያለውን ቤቴን አንኳኳና ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"እትዬ ባንቺ፣ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል። አንዷ የድሮው ሞዴል ናት፤ ምን አለፋዎት፣ ብረት! ሁለተኛዋ አዲሱ ሞዴል ናት። የትኛዋን ልግዛ?"

"ደብተር አላቸው?" አልኩት።

"የምን ደብተር?"

"የጉዞ ደብተር። ከየት ተነስታ የት በስንት ሰዓት እንደደረሰች የሚጻፍበት።"

ሳቀብኝ። "እርስዎ ደግሞ! አሁን ማን ደብተር ይይዛል?"

እኔ እይዝ ነበር። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ደብተር ስይዝ ኖሬ፣ ደብተር ማንበብ የተማርኩት ግን አንድ ሰው እግሩ ከተሰበረና አንድ ወረዳ በሬዎቹን ካጣ በኋላ ነው። ለሰዒድ በቆመበት የምነግረው አልነበረምና ይኸው እጽፈዋለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ዳሩኝ። ከትዳሩ ወጥቼ ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ "እማማ" ይሉኝ ነበር። እኔም እንደ እማማ ሆኜ ዝም አልኳቸውና ክፍሉን እየዘለልኩ ጥያቸው ሄድኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ይህን ጠባይ ልብ በሉልኝ፤ ያጠፋሁት በእሱ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መዝገብ ቤት ነው። አለቃዬ በንጉሡ ጊዜ ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ደብዳቤ ላይ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ካዩ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀድደው "እንደገና" ይሉኛል። አልተቀየምኳቸውም፤ ወደድኳቸው። ከዚያ አርብ ገበያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። እዚያ አለቃዬ መጽሐፍ ሳነብ ባየኝ ቁጥር "ሥራ የለሽም ማለት ነው?" የሚል ሰው ስለነበር መጽሐፌን በፋይል ውስጥ አስገብቼ ማንበብ ተማርኩ። በመጨረሻ ንፋስ መውጫ ለነበረው የእንስሳት ጤና ቡድን የስምሪትና የመዝገብ ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቡድኑ ሥራ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እየዞረ ከብት መከተብ ነበር። ያን ጊዜ "ደስታ" የሚባል የከብት በሽታ ነበር፤ ስሙ ማንንም እንዳያታልል፣ አንድ በረት በሳምንት ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ፣ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። ለዚህ ሦስት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች ነበሩን። ነዳጁ በኩፖን ነው። ኩፖኑ ካለቀ እስከሚቀጥለው ወር መኪናዋም ክትባቱም ይቆማሉ፤ በሽታው ግን ኩፖን አይጠብቅም።

እኔ ታዲያ ሥራዬን ከልቤ የምሠራ ሰው ነኝና መላ አገኘሁ። በየወሩ የእያንዳንዱን ሾፌር የጉዞ ደብተር ሰብስቤ፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አሰላለሁ። ውጤቱን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከቢሮዬ በር አጠገብ እለጥፋለሁ። ትንሽ ነዳጅ የፈጀው ስሙ ከላይ ይሰፍራል፤ አጠገቡ በቀይ እርሳስ ኮከብ አደርግለታለሁ። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ አስናቀ ዝርዝሩን ሲያይ እጁን አጨበጨበ። "ይህ ነው አብዮታዊ አሠራር!" አለ። እኔም ደስ አለኝ። ከጭብጨባው ይልቅ ግን ቁጥሮቹ ከወር ወር እያደጉ ሲሄዱ ማየት ነበር ደስ የሚለኝ።

ከላይ የሚሰፍረው ሁልጊዜ ሞላ ነበር። ሞላ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ የማይስቅበት ነገር የሌለ ሾፌር ነው። ከታች የሚሰፍረው ሁልጊዜ ጋሼ ፈንታሁን ናቸው። ጋሼ ፈንታሁን በሽበታቸው ላይ ኮፍያ የማይለያቸው፣ ከጣሊያን ጋራዥ የተማሩ የሚባሉ፣ ለጡረታ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ነዳጅ መፍጀታቸው ብቻ አይደለም፤ ከሞላ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተው ነበር የሚደርሱት። ለምን እንደሚዘገዩ ስጠይቃቸው "ቁልቁለቱ መሀል ዳዊት እደግማለሁ" አሉኝ። ሞላ ከኋላ "ጋሼ፣ እግዜር እንኳ ነዳጅ በኩፖን መሆኑን ያውቃል እኮ!" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። "የሚጸልየው እኔ አይደለሁም፣ ፍሬኑ ነው" አሉ። ቀልድ መሰለን።

ለጋሼ ፈንታሁን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። "የነዳጅ ፍጆታዎ ከሌሎች ሾፌሮች በልጦ ስለተገኘ" የሚል። ቆመው አነበቡት። አጥፈው ዳዊታቸውን ከሚይዙበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ አስገቡት።

"ጥሩ ተጽፏል" አሉኝ። "ስሕተት አላየሁበትም። ልጄ፣ አንድ ቀን አብረሽኝ ወደ ወገዳ ውረጂ።"

"ሥራ አለብኝ ጋሼ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሊትሩን ትቆጥሪያለሽ። ገደሉን ማን ይቁጠረው?"

ይህንንም ቀልድ አደረግሁት።

አደጋው የደረሰው ወደ ስማዳዋ ወገዳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ስማዳ ውስጥ በሽታው ታይቷል ተብሎ ከታቢዎቹ ከብት ለማሰባሰብ በበቅሎ ቀድመው ሄደው ነበር። ሞላ የክትባቱን ሳጥኖች ጭኖ ብቻውን ተከተለ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ቢረግጥ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ገባ። ገደል ከመግባት ብሎ መሪውን ወደ ዳገቱ መለሰና ከአለቱ ጋር ተላተመ። ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሳጥኖቹ ተፈረካክሰው በረዶው አቧራው ላይ ቀለጠ። ሌላ ክትባት ተጠይቆ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ፤ በሽታው ቀደመው።

ከወር በኋላ በበቅሎ ወገዳ ወርጄ የሞቱትን ከብቶች ስመዘግብ አያ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለት በሬ ነበራቸው፤ ሁለቱም ሞተዋል። ቀንበሩ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ። የበሬዎቹን ዕድሜ ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ። ከዚያ፣

"እንግዲህ ጻፍሽው?" አሉኝ።

"ጻፍኩት አባቴ።"

"ተጽፎ ያርሳል?"

ደብተሬን ዘጋሁ።

ሞላን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"እትዬ ባንቺ! በዚህ ወር ስንተኛ ወጣሁ?"

አልሳቅሁም። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። መጀመሪያ "ፍሬን እንቢ አለኝ" አለ። እንደገና ጠየቅሁት። ከዚያ ጣሪያውን እያየ ነገረኝ።

"ከላይኛው መታጠፊያ ጀምሮ ፎሌ ነበርኩ።"

ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ፣ አንዳንዱም ሞተሩን ጭምር አጥፍቶ፣ መኪናዋን በራሷ ክብደት ቁልቁል መልቀቅ ነው። ነዳጅ ጠብ አይልም። ሞተሩ ግን መኪናዋን ወደ ኋላ አይዝላትም፤ ያን ሁሉ ክብደት ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል። ይግላል፣ ይነድዳል፣ አንድ ቀን ደግሞ እንቢ ይላል።

"ሁልጊዜ በፎሌ ነበር የምትወርደው?"

"ታዲያ ያን ቁጥር ከየት የማመጣው ይመስልዎታል?" አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። "ልጆቼ ግድግዳው ላይ ስሜን ያያሉ። 'አባዬ ኮከብ አለው' ይላሉ። ከላይ ሆኜ ለምጄ እንዴት ልውረድ?"

ከሆስፒታሉ እንደተመለስኩ ቢሮዬ ገብቼ መደርደሪያውን ከፈትኩ። የመኪኖቹ የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ እኔ ዘንድ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በየቀኑ ግማሽ ገጽ ወደ አማርኛ እየመለስኩ በደብተር እጽፈው ነበር፤ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቼ፣ አንድም መስመር ሳልዘል። ስለ ዘይትና ስለ ውሃ ጨርሼ ስለ ጎማ ደርሼ ነበር። ስለ ቁልቁለት የሚለው ክፍል ከዚያ አሥራ አንድ ገጽ አልፎ ነው። "ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል መውረድ አይፈቀድም" ይላል፤ በወፍራም ፊደል። ያልደረስኩበት ገጽ ነው። ቅደም ተከተል ጠብቄ።

ዝርዝሩን ከግድግዳው አነሳሁት። ለጓድ አስናቀም ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ዝርዝር እንደሆነ ነገርኩት። "ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝና ሪፖርቱን "የጥንቃቄ ጉድለት" ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ከሥሩ ስለ ዝርዝሩ የጨመርኩትን አንቀጽ በእስክርቢቶ ሰረዘው። ማድረግ የቻልኩት ሞላ ከሥራ እንዳይወጣ እየተመላለስኩ መለመን ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። ምርኩዝ ይዞ ሲገባ "ከፎሌ ወደ ምርኩዝ፣ አሁን በሊትር ስንት እሄዳለሁ?" እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ግን በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ምስማሩን አየዋለሁ፤ ወረቀቱን ሳነሳ የቀረውን።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ ፈንታሁንን "አሁን ልውረድ" ያልኳቸው።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወርደው አራቱንም ጎማ ዞሩ። ከባዱን ማርሽ አስገቡና "ሕጉ አንድ ነው፤ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" አሉኝ። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እኛ እንደ በቅሎ እየተጎተትን ወረድን። እግራቸው ፍሬኑን ቶሎ ነካ፣ ቶሎ ለቀቅ ያደርጋል እንጂ አይጫነውም። መሀል ላይ ሜዳ ቢጤ ስፍራ አለች፤ እዚያ አቆሙ። ዳዊታቸውን አወጡ። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ አንድ ንጉሥ ደገሙ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሲጨርሱ ወርደው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል፣ ፍሬኑ ወዳለበት አስጠጉ። ከዚያ አፍንጫቸውን፤ የተቃጠለ ነገር ይሸት እንደሆነ።

"ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ። በመዳፍሽ አይደለም፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፣ ይዋሻል። በጀርባው።"

ለብ ያለ ነበር።

"ገና እንደቆምን ቢሆን ኖሮ አታስጠጊውም ነበር። አንድ ንጉሥ ለእኔ ነፍስ፣ አንድ ንጉሥ ለፍሬኑ። ሰዓት የለኝም፤ ዳዊት አለኝ።" ማኅደሩን ሲዘጉ ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ውስጡ እንዳለ አየሁት። አላወጡትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዓመቱ በተሰበረችው መኪና ምትክ ሌላ ተፈቀደልን። አዲስ አይደለችም። ከተዘጋ የልማት ሥራ የተመለሱ ሁለት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ቆመዋልና አንዷን መርጣችሁ ውሰዱ ተባለ፤ የቀረችው ለሌላ አውራጃ ትሄዳለች። መራጮቹ ጓድ አስናቀ፣ ጋሼ ፈንታሁንና እኔ ነበርን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ግን አንድ ሰው ይጨመር አልኩ።

"ማን?" አለ ጓድ አስናቀ።

"ሞላ።"

"መኪና ገደል የከተተውን ሰው? መኪና ምረጥ ልንለው?"

"ገደል አልከተታትም፤ ከገደል ነው የመለሳት" አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት በሥራ ዘመኔ ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንዱ ይህ ነው።

እስቴ ደርሰን ሁለቱንም ጎን ለጎን አየናቸው። አንደኛዋ የድሮው ሞዴል ናት፤ ወፍራም ቆርቆሮ፣ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ሞተሯ በእጅ በሚዞር ብረት ሳይቀር የሚነሳ። ሁለተኛዋ ስድስት ዓመት የምታንስ አዲሱ ሞዴል፤ ሰፋ ያለች፣ መቀመጫዋ የተመቸ፣ ሞተሯ ትልቅ። በአገራችን ሾፌር ዘንድ ክርክር የለውም፤ የድሮው ብረት ነው፣ አዲሱ ጣሳ ነው። ጋሼ ፈንታሁን እንኳ የድሮዋን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሾፌርነት የተማሩባት ሞዴል ናት። ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሱት።

ጓድ አስናቀ የሁለቱን ደብተር አገላብጦ ጉዳዩን ጨረሰው። "በቃ፣ ምን ያስቸግራል? አሮጌዋ ብረት ናት፤ መለዋወጫዋም በየጋራዡ ሞልቷል። ነዳጅ ደግሞ እዩት፤ ከአዲሷ በሲሶ ያነሰ ነው የምትበላው! ባንቺአምላክ፣ ይህ የአንቺ ቁጥር ነው፤ ጻፊ።"

ቁጥሩን አየሁት። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ቀይ ኮከብ የማደርግበት ቁጥር ነው።

"ደብተሮቹን አንድ ጊዜ ስጡኝ" አልኩ።

የሊትሩን ረድፍ በወረቀት ሸፈንኩት። የማነበው የሰዓቱን ረድፍ ነው፤ የተነሳችበትንና የደረሰችበትን። ሁለቱም በአንድ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። አሮጌዋ ዳገቱን በሦስት ሰዓት ትወጣና በአንድ ሰዓት ከሩብ ትወርዳለች። ሁልጊዜ፤ ከገጽ እስከ ገጽ። አዲሷ በሁለት ሰዓት ተኩል ወጥታ በሁለት ሰዓት ተኩል ትወርዳለች። አንዳንድ ቀን የወረደችበት ከወጣችበት ይበልጣል። የሾፌሯ እጅ ጽሑፍ የሽማግሌ ነው፤ ፊደሉ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል።

"ይህ ሰውዬ ዳዊት የሚደግም ይመስለኛል" አልኩ።

ጋሼ ፈንታሁን ቀና ብለው አዩኝ።

ሞላ በዚህ መሀል ምርኩዙን አስደግፎ አሮጌዋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቁልፉን አስገባ፣ አዞረ፣ አወጣ። እንደገና አስገባ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

"እትዬ ባንቺ፣ ይምጡ። የቁልፉን ቀዳዳ ይዩት። ጣት ያስገባል። ለምን እንደሰፋ ልንገርዎት? ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ያጠፋታል፤ ከታች ሲደርስ ያስነሳታል። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። የኔም እንዲሁ ነበረች።" ከዚያ አዲሷ ውስጥ ገባ። "ይህቺ ደግሞ ቁልፏ ጥብቅ ነው። የማርሽ እጀታዋ ግን ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቷል፤ እጅ በልቶታል። ሰውዬው ከማርሽ ጋር ነው የኖረው።"

"የቁልፍ ቀዳዳ!" አለ ጓድ አስናቀ። "በቁልፍ ቀዳዳ ነው መኪና የሚመረጠው?"

ጋሼ ፈንታሁን አሮጌዋን አስነስተው ከከተማው ዳር ያለውን ቁልቁለት አንዴ ወረዱባት። ተመልሰው ሲመጡ ክሪክ ጠየቁ፤ የፊተኛውን ጎማ አስነስተው ፈቱት። ሾፌሮች ታምቡር የሚሉት፣ ፍሬኑ የሚያርፍበት ክብ ብረት ወጣ። እንደ ውሃ ላይ ዘይት ሰማያዊ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዞሮታል። የአዲሷን ሲፈቱ ግራጫና ለስላሳ ነበር።

ጋሼ ፈንታሁን የአሮጌዋን ታምቡር በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስንጥቁን በጣታቸው ተከተሉ።

"ወዳጄን ገደሏት" አሉ በመጨረሻ። "ሞዴሉ ምን አጠፋ? አወራረዱ ነው።"

ጓድ አስናቀ አልተሸነፈም። ፍሬኑ ይቀየራል አለ። ጋሼ ፈንታሁን ታምቡሩ ተጠይቆ እስኪመጣ ክረምት እንደሚገባ፣ ቢመጣም ያን ያህል የጋለ ብረት አጠገቡ ያለውን ሁሉ እንደሚጎዳ ነገሩት። እንግዲያው አዲሷ ከአሮጌዋ በላይ ነዳጅ እየበላች ኩፖኑ በወር መካከል አልቆ ክትባት ቢቆም ማን ይጠየቃል አለ። ወደ እኔ ዞረ።

"የነዳጅ ብክነት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። እኔ አልፈርምበትም። አንቺ ትፈርሚያለሽ?"

ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። የአያ ዘለቀ ቀንበር ታየኝ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ። ሞላ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል፤ ያን ጊዜ አልቀለደም።

"እፈርማለሁ" አልኩ። "ነዳጁንም እኔ አብቃቃዋለሁ።"

ፈረምኩ። ጓድ አስናቀ ቃለ ጉባኤው ውስጥ "አዲሷ ሞዴል የተመረጠችው በጸሐፊዋ ኃላፊነት ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ፤ ራሴ ጻፍኩት፣ አንድም የቀለም ነጠብጣብ ሳይነካው።

ማብቃቃቱ ቀላል አልነበረም። ቀድሞ ታች ጋይንት ለብቻው፣ ስማዳ ለብቻው ጉዞ ነበራቸው፤ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ትመለስ ነበር። የገበያ ቀኖችን ዘርዝሬ አንድ ዙር አደረግኋቸው። ዓርብ ዕለት የታች ጋይንት ገበሬ ከብቱን ይዞ አርብ ገበያ ስለሚወጣ እዚያው ይከተባል፤ በዚያው መኪናዋ ሳትመለስ በማግስቱ ወደ ወገዳ ትወርዳለች። በወረቀት ላይ ኩፖኑ ይበቃል። ግን በወረቀት ማመን ትቼ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር አብሬ ሄድኩ።

አርብ ገበያ ላይ ጠዋቱን ከትበን ቀሪውን ሳጥን ጭነን በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። የሚነዱት ጋሼ ፈንታሁን ናቸው። ሞላም መጥቷል፤ "ምርኩዜ ናፍቋት ነው" ብሎ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጋሼ ቆሙ፣ ዞሩ፣ ማርሹን አስገቡ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አለቱ ቀለም እንደተቀባ ነበር፤ የተሰበረችው መኪናችን ቀለም። ሞላ በመስኮቱ አየውና፣

"ሰላም ነው ወይ፣ የድሮ ጎረቤቴ?" አለው አለቱን። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። ጋሼ ፈንታሁን ሳይዞሩ፣

"ማርሽ ውስጥ ነን" አሉት። ሌላ ነገር አልተባለም።

መሀል ላይ ያቺ ሜዳ ዘንድ ቆምን። ጋሼ ዳዊታቸውን አወጡ። እኔ ያን ጊዜ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። አንድ ንጉሥ ሙሉ ተደገመ፤ ሞላ ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ ሰማ።

ወገዳ ስንደርስ ከብቱ ሜዳውን ሞልቶታል። ከታቢዎቹ የመጀመሪያውን ሳጥን ሲከፍቱ ከጎናቸው ቆሜ አየሁ። በረዶው ነጭ ነበር፤ ዳሩ እንኳ አልሟሸሸም። ወደ መኪናዋ ተመልሼ ከጎኗ ዝቅ አልኩ። ከዚያም እዚያው ዝቅ ብዬ እንዳለሁ የእጄን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል አስጠጋሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

አያ ዘለቀ ናቸው። በስተኋላዬ ቆመው ያዩኛል። በእጃቸው የገመድ ጫፍ ይዘዋል፤ ከገመዱ ማዶ ገና ቀንድ ያልጠነከረለት ወይፈን። አወቁኝ መሰለኝ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

"ሞቆ እንደሆነ እያየሁ ነው አባቴ።"

"ሞቋል?"

"ለብ ብሏል" አልኳቸው። "ለብ ብቻ።"

ጎማውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በእጄ ወረቀትም እስክርቢቶም አልነበረም።

"እንግዲያው ተነሺ" አሉና ገመዱን ወደ ሳጥኖቹ ሳቡ። "ይህን ቶሎ ውጉልኝ። ቀንበሩ እየጠበቀው ነው።"